የጀርመኑ ጡረታ በየትኛው መስመር ይግባ?

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 70 ዓመት ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥቼ እ.ኤ.አ. በ1981 ፍራንክፈርት ገባሁ፤ እዚያም በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ 13 ዓመት ሠራሁ፤ ሁለቱን ልጆቼንም የወለድኩት እዚያው ነው። በ1994 ባለቤቴ አሜሪካ ካሉት ወንድሞቹ ጋር ለመሆን ስለፈለገ ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን። አሁን የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ሁለታችንም የአሜሪካ ዜጎች ነን።

ከ2022 ጀምሮ ጀርመን ለሠራሁበት ዘመን በወር 400 ዩሮ ገደማ ጡረታ ትከፍለኛለች። ገንዘቡ የሚገባው ድሮ ፍራንክፈርት በከፈትኩት የባንክ ሒሳቤ ነው፤ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ላለችው ታናሽ እህቴ ከዚያ ላይ እልክላታለሁ፤ የቀረው ተጠራቅሞ ባለፈው ዓመት 9,000 ዩሮ ደርሷል። ሶሻል ሴኩሪቲ ባመለከትኩ ጊዜ ከሌላ አገር ጡረታ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝና እውነቱን ተናገርኩ፤ በዚሁ ሰበብ ከአሜሪካው ጡረታዬ ቆረጡብኝ። ባለፈው ዓመት ሕጉ ተሽሯል ተብሎ አስተካከሉልኝ፣ የኋላውንም በአንድ ጊዜ ከፈሉኝ።

የታክሱ ነገር ግን አልተስተካከለም። የ2022ቱን የሞላልን የሰፈራችን ልጅ «የውጭ ገንዘብ ነው፣ አይመለከታቸውም» ብሎ ተወው። ለ2023 ሌላ ሴት ዘንድ ሄድን፤ እሷ ደግሞ ሙሉውን እንደ ጡረታ ገቢ አስገባችውና ብዙ ከፈልን። ባለቤቴ ተናዶ ለ2024 ወደ ልጁ መለሰን፤ እንደገና ተተወ። ባለቤቴ «በተናገርሽ ጊዜ ምን እንዳተረፍሽ አይተሻል፤ እዚያ ተቆርጦብሻል፣ ላብሽ ነው፣ ሁለት ጊዜ አይበሉሽም» ይላል። ባንክ የምትሠራው የልጄ ሚስት ግን ማስታወቅ ግዴታ ነው ትለኛለች። እኔ የጀርመኑን ወረቀት ሁሉ በረከቦቴ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ፣ ጭቅጭቁ እንዳይነሣ ዝም ብያለሁ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም። በየዓመቱ ከጀርመን «በሕይወት አለሁ» ብዬ የማረጋግጥበት ቅጽ ሲመጣ፣ ይህን ስፈርም ለአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ይደርስ ይሆን እያልኩ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ባለቤቴ 72 ዓመቱ ነው፤ አሁንም ኤርፖርት ስለሚሠራ በዓመት 36,000 ዶላር ያገኛል፤ የእሱ ሶሻል ሴኩሪቲ 18,000፣ የእኔ ደግሞ 9,600 ነው። ዘንድሮ ከእሱ ተለይቼ ለብቻዬ ብሞላ ይሻል ይሆን? ለእህቴ የምልከውስ ከግብር ይቀነስልኛል? ዜግነቴን ይነኩብኛል ብዬም እፈራለሁ።

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ውድ እናታችን፣

እንቅልፍ ለሚነሣዎት ጥያቄ መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎትና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። አዎ፣ የጀርመኑ ጡረታዎ በአሜሪካ የግብር ማስታወቂያችሁ ላይ መግባት አለበት። የሚገባው ግን ሴትየዋ እንዳስገቡት እንደ ተራ ጡረታ ሙሉው ተቆጥሮ አይደለም፤ ከአሜሪካው ሶሻል ሴኩሪቲያችሁ ጋር ተደምሮ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ በዚያው ስሌት ነው። ስለዚህ ከሄዱባቸው ሁለት ሰዎች መካከል ልክ የሠራ አልነበረም፤ አንዱ ጭራሹን ተወው፣ ሌላዋ ከሚገባው በላይ አስከፈለችዎት። ዜግነትን በተመለከተ ይረጋጉ፤ የእርስዎ ጉዳይ የግብር፣ የወለድና የወረቀት ጉዳይ ነው፤ የዜግነት ጉዳይ አይደለም። ደግሞም ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሲጠይቅዎት እውነቱን የተናገሩ ሰው ስለሆኑ፣ ራስዎን እንደ ደባቂ መቁጠሩን ከዛሬ ጀምሮ እንዲተዉት እለምንዎታለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሜሪካና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈራረሙት የገቢ ግብር ስምምነት በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይደነግጋል። የመጀመሪያው፣ አንዱ አገር በሌላው አገር ለሚኖር ሰው የሚከፍለውን የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ ግብር የማስከፈል መብት ያለው ሰውየው የሚኖርበት አገር ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያ የመኖሪያ አገር ገንዘቡን ራሱ በሕጉ መሠረት እንደከፈለው ማኅበራዊ ዋስትና አድርጎ መቁጠር ያለበት መሆኑ ነው። አሜሪካ በእነዚህ ስምምነቶች ውስጥ «ዜጎቼን ስምምነቱ እንደሌለ ቆጥሬ ግብር አስከፍላለሁ» የሚል ድንጋጌ የምታስገባ ቢሆንም፣ ይህ ንዑስ አንቀጽ ከዚያ ድንጋጌ ተለይቶ የተጠበቀ በመሆኑ ዜጋ መሆንዎ መብቱን አያሳጣዎትም። የአይአርኤስ ሕትመት 915 ደግሞ ነገሩን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ካናዳንና ጀርመንን በስም ጠርቶ፣ ከእነዚህ አገሮች የሚመጣውን የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ በሶሻል ሴኩሪቲው የስሌት ሠንጠረዥ የመጀመሪያ መስመር ላይ ደምሩት ይላል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አንቀጽ ታትሞ እያለ ስንቱ ታክስ ሠሪ ሳይገልጠው በግምት እንደሚሠራ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች የእርስዎን መልስ ለራሳቸው እንዳይወስዱት አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ አሠራር የሚመጣው ከስምምነት ነው፤ ስለዚህ ጡረታው እንደመጣበት አገር መልሱ ይለያያል። ለምሳሌ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ እዚህ የሚኖር ሰው ከኢትዮጵያ መንግሥት የሚቀበለው ጡረታ ሶሻል ሴኩሪቲ በሚገባበት መስመር ላይ አይገባም፤ ቦታው ተራው የጡረታ መስመር ነው። በእርስዎም ቤት ቢሆን መጣራት ያለበት ነገር አለ፦ 400 ዩሮው በሙሉ የሚመጣው ዶይቼ ሬንተንፈርዚሸሩንግ ከሚባለው ከመንግሥታዊው የጡረታ ተቋም ነው? በጀርመን በሆስፒታል የሠሩ ሰዎች አንዳንዴ በሥራ ቦታቸው በኩል የሚከፈል ተጨማሪ ጡረታ ይኖራቸዋል፤ እሱ ካለ በዚህ ድንጋጌ ስለማይገዛ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ደብዳቤዎቹን ከረከቦቱ መሳቢያ አውጥተው ላኪው ማን እንደሆነ ብቻ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ቃል ልምጣ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ክርክሮቻቸው መሠረት የሌላቸው አይደሉም። «በተናገርሽ ጊዜ ቆረጡብሽ» ማለታቸው እውነት ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ ካልተከፈለበት ሥራ፣ የውጭ አገር ሥራን ጨምሮ፣ ጡረታ የሚያገኝን ሰው የአሜሪካ ጡረታ የሚቀንስ ድንጋጌ በሕጉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ነበር። ይህን ድንጋጌ የሻረው ሕግ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ተፈርሟል፤ የሚሠራውም ከዲሴምበር 2023 በኋላ ለሚከፈለው ጡረታ ስለሆነ ነው ያለፈውን በአንድ ጊዜ የከፈሉዎት። እንግዲህ ባለቤትዎ የሚፈሩት ነገር በእርግጥ የደረሰባችሁ ነገር ነው፤ ሆኖም ያ በር ተዘግቷል፤ የጀርመኑን ገንዘብ በግብር ማስታወቂያ ላይ ማስፈር ዛሬ የወር ጡረታዎን አይቀንሰውም። «እዚያ ተቆርጦብሻል» የሚለውንም እረዳዋለሁ፤ ከደመወዝዎ ለጡረታ መዋጮ ይቆረጥ ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል ሁለት ጊዜ መከፈልን ስምምነቱ የከለከለው ግን የጀርመንን እጅ በማሰር ነው፤ አሜሪካን ከሥሌቱ በማስወጣት አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ጡረተኞችን ጉዳይ የሚይዘው የኖይብራንደንቡርግ የግብር ቢሮ ምናልባት ደብዳቤ ከላከልዎት ወርውረው አይተዉት፤ የአሜሪካ ነዋሪ መሆንዎን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት በፎርም 8802 ከአይአርኤስ ጠይቀው ይላኩላቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያረጋጋዎት ግን ቁጥሩ ይመስለኛል። ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው ከሶሻል ሴኩሪቲ ውጭ ባለው ገቢያችሁ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲው ግማሽ ሲደመርበት ስንት እንደሚሆን ነው። በጋራ ለሚሞሉ ባልና ሚስት ድምሩ ከ32,000 ዶላር ካላለፈ ከሶሻል ሴኩሪቲው ምንም ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እስከ ግማሹ፣ ከ44,000 ሲያልፍ ደግሞ እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ግብር በሚከፈልበት ገቢ ውስጥ ይገባል። ይህ ሲባል ግን 85 በመቶውን ይወስዱታል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ወደ ገቢው የሚገባው መጠን እንጂ የግብሩ መጠን አይደለም፤ የቀረው 15 በመቶ ደግሞ በፌደራል ግብር መቼም አይነካም። እነዚህ ጣሪያዎች በ1983 እና በ1993 ከተወሰኑ ወዲህ ኑሮ ቢወደድም ከፍ ተደርገው ስለማያውቁ፣ መጠነኛ ገቢ ያላቸውን ቤቶች እንኳ ይነካሉ፤ ይህ እንደ እኔ እምነት የሕጉ ደካማ ጎን ነው።

በላኩልኝ አኃዝ የ2025ን ሥሌት ሠራሁት። የጀርመኑን 4,800 ዩሮ በዓመቱ አማካይ ምንዛሪ 5,400 ዶላር ገደማ አድርጌ ወስጃለሁ። በአንድ ጊዜ የተከፈለዎትን ውዝፍ ለጊዜው አላስገባሁም። ለሁለታችሁ የሚፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 31,500፣ በዕድሜያችሁ ምክንያት የሚጨመረው 3,200፣ ከ2025 ጀምሮ እስከ 2028 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ የሚሰጠው አዲሱ ተቀናሽ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 6,000 ስለሆነ፣ በአጠቃላይ 46,700 ዶላር ከግብር ውጭ ይሆናል። የጀርመኑ ጡረታ ተደብቆ ቢሆን ግብራችሁ 23 ዶላር ነበር። በትክክለኛው መስመር ሲገባ ወደ 250 ዶላር ይሆናል። ሴትየዋ በ2023 እንዳደረጉት ሙሉው እንደ ተራ ጡረታ ሲገባ ግን፣ እሱ ራሱ ሙሉ ለሙሉ ግብር ይጣልበትና ሶሻል ሴኩሪቲያችሁንም ጎትቶ ወደ ግብሩ ስለሚያስገባ 1,020 ዶላር ይደርሳል። እንግዲህ ስንት ሌሊት ያስጨነቅዎት እውነት ዋጋው በዓመት 230 ዶላር ገደማ ነው፤ ባለቤትዎን ያስቆጣቸው ክፍያ ደግሞ ከማስታወቃችሁ የመጣ አይደለም፤ የተሳሳተ መስመር ያመጣው ነው። ይህን ልዩነት ለእሳቸው ማሳየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

አዲሱን ተቀናሽ ካነሣሁ ዘንድ፣ «ከእንግዲህ ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ ታክስ የለም» የሚለው ወሬ በእናንተም ሰፈር ደርሶ ይሆናል። ሕጉ የሰጠው ተቀናሽ ነው እንጂ፣ ከላይ የገለጽኩት የሶሻል ሴኩሪቲ ስሌት እንዳለ ነው። የጀርመኑም ገንዘብ በዚህ ወሬ ሰበብ ከቅጹ ላይ አይጠፋም።

ለብቻዬ ልሙላ ወይ ላሉት መልሴ ጠንከር ያለ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ቤት እየኖሩ ተለያይታችሁ ከሞላችሁ፣ የ32,000ውም የ44,000ውም ጣሪያ ለሁለታችሁም ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የ6,000ውም ተቀናሽ ተለያይተው ለሚሞሉ ባለትዳሮች አይሰጥም። የእርስዎ የግል ግብር ምናልባት ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ የባለቤትዎ ግን በሰጡኝ አኃዝ መሠረት ወደ 3,800 ዶላር ይወጣል። በ230 ዶላር የተነሣን ጭቅጭቅ ለማምለጥ ቤታችሁን ከ3,500 ዶላር በላይ ማስከፈል ይሆናል፤ ጭቅጭቁም ያን ጊዜ ሌላ መልክ ይይዛል።

የባንክ ሒሳቡ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከግብሩ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው። በውጭ አገር የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው ከግብር ማስታወቂያው ጋር በሚያያዘው በስኬጁል ቢ ቅጽ ሦስተኛ ክፍል ላይ «የውጭ አገር ሒሳብ አለዎት?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብሎ ምልክት ማድረግ አለበት፤ በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን። ያለፉት ዓመታት ማስታወቂያዎች ቅጂ ካለዎት እዚያ ላይ ምን እንደተመለከተ ይመልከቱ። ከዚህ በተጨማሪ በውጭ ያሉዎት ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ኤፍባር የሚባለው ቅጽ፣ ቁጥሩ 114፣ ፊንሰን ለሚባለው መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት መላክ ይኖርበታል። ልብ ይበሉ፣ ጣሪያው በዶላር ነው፤ ባለፈው ዓመት ዩሮ በመጠንከሩ የእርስዎ 9,000 ዩሮ ከ10,000 ዶላር በላይ ሆኗል። በዚህ ቅጽ ላይ የሚከፈል ግብር የለም፤ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ቀኑም ኤፕሪል 15 ሆኖ ሳይጠየቅ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። አለመላክ ግን ከራሱ ከግብሩ እጅግ የሚበልጥ ቅጣት ሊያስከትል ስለሚችል ችላ የሚባል አይደለም። ባንኩ ወለድ ከከፈለዎት፣ ጥቂት ሳንቲምም ቢሆን፣ እሱም በገቢ ውስጥ ይገባል።

ያለፉት ዓመታት የሚስተካከሉት 1040 ኤክስ በሚባለው የማሻሻያ ቅጽ ነው። በ2022 እና በ2024 የቀረው ገንዘብ ገቢያችሁ ከዛሬው ብዙ ካልተለየ በየዓመቱ ሁለት መቶ ዶላር ከምናምን ግብር ከነወለዱና ከመዘግየቱ መቀጫ ጋር ያስከፍላል፤ አይአርኤስ ደብዳቤ ሳይልክ በፊት ራሳችሁ ካስተካከላችሁት ግን 20 በመቶ የሚሆነው የስሕተት ቅጣት አይጨመርበትም። የ2023ቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከሚገባው በላይ ስለከፈላችሁ ተመላሽ ይኖራችኋል። ተመላሽ የሚጠየቀው ማስታወቂያው ከገባ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በጊዜው ገብቶ ከሆነ እስከ ኤፕሪል 2027 አጋማሽ ጊዜ አላችሁ፤ ይህ ገንዘብ የሌሎቹን ሁለት ዓመታት ጉድለት ሸፍኖ ሊተርፍ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፦ የውጭ ሒሳብ ያለበት ማሻሻያ አንዳንዴ አይአርኤስ ባዘጋጀው ሌላ መንገድ መሄድ ስለሚኖርበት፣ የባንኩን ጉዳይ ለባለሙያው ሳያነሡ 1040 ኤክሱን ብቻ ቸኩላችሁ አትላኩ።

ባለሙያ ስል ኢንሮልድ ኤጀንት (ከአይአርኤስ ፈቃድ ያገኘ የግብር ባለሙያ) ወይም ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) የሆነ ሰው ማለቴ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ነገሩን ያውቁት እንደሆነ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፤ ገና ወንበር ላይ ሳይደላደሉ «ከጀርመን የሚመጣ የመንግሥት ጡረታ በፎርም 1040 ላይ በየትኛው መስመር ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። «መስመር 6ኤ እና 6ቢ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲው ጋር» ካሉዎት በጥሩ እጅ ላይ ነዎት። «መስመር 5» ካሉዎት የልጅዎ ሚስት ሕትመት 915ን አትማ ስለ ካናዳና ጀርመን የሚናገረውን አንቀጽ ታስምርልዎትና ያሳዩአቸው፤ ካነበቡ በኋላም ካልተቀበሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ። «አይመለከታቸውም» የሚል ካጋጠመዎት ግን አመስግነው ይውጡ። የሚወስዱት ወረቀት ብዙ አይደለም፦ የጀርመኑ ተቋም ጡረታው በጁላይ ሲስተካከል የሚልከው ማስታወቂያ፣ የፍራንክፈርቱ ባንክ የዓመቱ መግለጫ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሁለታችሁ በየዓመቱ የሚልከው ኤስኤስኤ 1099 የተባለ ወረቀት እና የሦስቱ ዓመታት ማስታወቂያዎች ቅጂ ይበቃሉ። በአንድ ጊዜ የተከፈለዎት ውዝፍ በ2025ቱ ኤስኤስኤ 1099 ላይ ተደምሮ ስለሚመጣ፣ የ2024 ድርሻውን ለይቶ በዚያ ዓመት ገቢ መሠረት ማስላት የሚቻልበት ምርጫ እንዳለም ያንሡ፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ያልፋሉ። ቨርጂኒያ ሶሻል ሴኩሪቲን ከስቴት ግብር ነፃ ስለምታደርግ፣ የጀርመኑም በተመሳሳይ ይታይ እንደሆነ በዚያው ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ስቴቶች ሁሉ የፌደራሉን ስምምነት አይከተሉም፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ አትከተልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከባለቤትዎ ጋር የሚደረግ ንግግር አለ፤ እሱን ለታክስ ሠሪው ጠረጴዛ አይተዉት። ደብዳቤዎን ሳነብ የተሰማኝን ልጠይቅዎ፦ ባለቤትዎን የሚያስቆጣቸው በእርግጥ 230 ዶላሩ ነው ወይስ የስደት ዘመናችሁ ድካም እንደገና በሌላ ሰው እጅ ሲቆጠር ማየቱ? እርስዎስ ወረቀቱን ቆልፈው ያስቀመጡት ከጭቅጭቁ ሸሽተው ብቻ ነው ወይስ ለእህትዎ የሚልኩት ገንዘብም አብሮ እንዳይነሣ ፈርተው? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ለራስዎ ግን ቢያውቁት ንግግሩን ከየት እንደሚጀምሩ ያሳይዎታል። እኔ ብሆን የልጅ ሚስት ባለችበት አላነሣውም፤ ባለቤትዎ በምራታቸው ፊት የተሳሳተ ሰው መሆን አይፈልጉም። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «አንተ የፈራኸው እውነት ነበር፤ ሕጉ ግን ተሽሯል» ብለው ይጀምሩ፤ ሦስቱን ቁጥሮች፣ 23፣ 250 እና 1,020ን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩአቸው፤ የ2023ቱን ተመላሽም አይርሱ። በጋራ የሚፈረም ማስታወቂያ ላይ እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ግብር ተጠያቂ እንደሆናችሁም ይንገሯቸው፤ የእርስዎ ጡረታ ቢሆንም ፊርማው የእሳቸውም ነው፤ ስለዚህ ይህን የሚጠይቁት እሳቸውንም ለመጠበቅ ብለው ጭምር ነው። በመጀመሪያው ቀን ላይስማሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ባለሙያውን አንድ ላይ ሄዶ ለመስማት ብቻ እንዲስማሙ ይጠይቋቸው፤ መስማት መፈረም አይደለም።

የቀሩት ጥያቄዎችዎ ቀላል ናቸው። በየዓመቱ የሚመጣው «በሕይወት አለሁ» የሚለው ቅጽ ክፍያውን ለሚያስተላልፈው ለጀርመኑ አገልግሎት የሚመለስ ነው፤ ዓላማውም ጡረታው ለሞተ ሰው እንዳይከፈል መጠበቅ እንጂ ግብር አይደለም። ሳይመለስ ከቀረ ጡረታው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ተረጋግተው ያስመስክሩና በጊዜው ይላኩት። ለእህትዎ የሚልኩት ገንዘብ ስጦታ በመሆኑ ከገቢ ግብርዎ አይቀነስም፤ በሌላ በኩል በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 19,000 ዶላር የሚሰጥ ስጦታ ምንም ቅጽ ስለማያስሞላ፣ ለእሷ በመላክዎ የሚያሳውቁትም የሚከፍሉትም የለም። ምናልባት ንግግሩ ከተካሄደ በኋላም አይአርኤስ አስቀድሞ ደብዳቤ ከላከላችሁ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ግብር ከፋዮች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቆሙ ክሊኒኮች አሉ፤ መስፈርቱን ታሟሉ እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው የመልስ መስጫ ቀን ሳያልፍ ደውሉላቸው።